ጋሽ ንፋስ ያከፋፈለው አየር

ሰው ለወዳጁ ጨርቅ ይገዛል፣ ሲደላው ምሳ ይጋብዛል። አጎቴ ለወዳጆቹ የሚሰጠው አየር ነበር። በብስኩት ፋብሪካ ውስጥ ኮምፕሬሰር የሚጠብቅ ሰው ሌላ ምን ይኖረዋል? ኮምፕሬሰር አየር ጨምቆ በብረት ጋን ውስጥ የሚያጉር መኪና ነው። የታጎረው አየር በቧንቧ እየሄደ ማሸጊያ ማሽኖቹን ያንቀሳቅሳል፣ ከብስኩቱ ላይ ፍርፋሪ ያራግፋል። አየሩ ከቀረ ፋብሪካው ይቆማል። አጎቴ ይህን ስለሚያውቅ ደረቱን ነፍቶ ነበር የሚሄደው። "እኔ አንድ ቀን ብቀር ብስኩቱን በአፋችሁ እፍ እያላችሁ ታራግፉታላችሁ" ይላቸዋል። እነሱም ጋሽ ንፋስ ብለው አወጡለት።

ስጦታው እንዲህ ነበር። ዘበኛው ሙቀት ፈጀኝ ሲል ሰማና ከዋናው ቧንቧ ቀጭን ጎማ ጎትቶ የጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስገባለት። ዘበኛው ፊቱን በንፋስ እያስመታ ከመቀመጡም በላይ የሰፈሩን ኳስና የብስክሌት ጎማ ሁሉ በነጻ እየነፋ ምርቃት ይሰበስብ ነበር። ሒሳብ ሹሙ ደግሞ መላጣ ስለሆነ ላቡ የሚይዘው አጥቶ በቀጥታ ሰነዱ ላይ ይንጠባጠባል። አጎቴ ከጣሪያው ስር በሚያልፈው ቧንቧ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ቀዳዳ በሳና መላጣውን የምታራግብ ንፋስ አበጀለት። ለማሸጊያ ክፍል ሴቶች ከልብሳቸው ላይ ዱቄት እንዲያራግፉበት በሩ አጠገብ ጎማ ሰቀለላቸው። ዱቄት ማራገፊያው ውሎ አድሮ ሻይ ማብረጃ፣ የታጠበ ሻርፕ ማድረቂያና የሰው ባርኔጣ ማብረሪያ ሆነ።

ለፋብሪካው ባለቤት የሠራለት ግን የሁሉም ቁንጮ ነበር፤ በአየር የሚከፈት የቢሮ በር። ባለቤቱ ከጠረጴዛው ስር አንዲት ነገር በእግሩ ረገጥ ሲያደርግ በሩ ፍሽሽ ብሎ ይከፈታል፤ እንግዳው ይደነግጣል፤ ባለቤቱ ደስ ይለዋል። ደስታው ቶሎ ቶሎ እንዲደጋገም የማይፈልገውን ሰው ሁሉ ቢሮ ያስጠራ ነበር።

አጎቴ ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቤቱ የሚገባው ልብስ ለመቀየር ነው ማለት ይቻላል። እኛ ዘመዶቹ ስንፈልገው ፋብሪካ ሄደን ነበር የምናገኘው። ከግቢው ጥግ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል፣ ከጋኑ ኋላ፣ ስፖንጁ የተቦጨቀ ወንበር ነበረችው። ቤቱ አልጋው ላይ ሲገላበጥ የሚያድር ሰው ምሳ ሰዓት ላይ እዚያች ወንበር ላይ አገጩ ደረቱ ላይ ወድቆ እንደ ሕፃን ይተኛል። "ሁለት ቤት ያለው ሰው ነኝ፤ አንዱ ልብሴን፣ አንዱ እኔን ያስተኛል" ይል ነበር። ቀልዱ ያስቃል፤ ከሳቅን በኋላ ግን ሁላችንም መሬት መሬት ነበር የምናየው።

አሮጌው ኮምፕሬሰር ባለ ፒስተን ነበር። ሲነሳ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሰው ካልጮኸ አይደማመጥም፤ ጋኑ ሲሞላ ደግሞ ዝም ብሎ ያርፋል። በመጨረሻው ዘመኑ ማረፍ የሚባለውን ነገር ረሳ። እንደ ምጣድ ጋለ፤ ዘይት እንደ ንፍጥ ያዝረበርብ ጀመር። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አዲስ እንዲመረጥ አዘዘና ክራቫት ያሰረ ሻጭ አስጠራ። ቢሮው ውስጥ አጎቴ፣ ሒሳብ ሹሙና የማሸጊያ ክፍሏ ኃላፊ ተቀመጡ። ኃላፊዋን ሬዲዮ ይሏታል። ባሏን የቀበረች፣ ቀልጠፍ ያለች፣ ጠዋት ከገባች ማታ እስክትወጣ አፏ የማያርፍ ሴት ናት። ሬዲዮ መባሏን ታውቃለች። "መዝጊያዬ የጠፋ ሬዲዮ በሉኝ" ትላለች።

"ሦስት ዓይነት አለን" አለ ሻጩ። "ፒስተን፣ ባለ ዘይት ስክሩና ዘይት አልባ ስክሩ።"

"ቆይ እኔ ላስረዳቸው" አለ አጎቴ፤ ማስረዳት ነፍሱ ነው። "ፒስተን ማለት ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። ይቆፍራል፣ ያልበዋል፣ ጥላ ስር ይቀመጣል። ካላስቀመጥከው ይሞትብሃል። ጋራዥ ቢሆን ይበቃን ነበር፤ ጎማ ነፍቶ ያርፋል። እኛ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ነው አየር የምንፈልገው። ስክሩ ደግሞ ሥጋ መፍጫ በለው። ሁለት ጥምዝ ብረቶች ተያይዘው ይዞራሉ፣ አየሩን እያጠበቡ ይገፉታል። አይጮህም፤ ልረፍም አይልም።"

"እንደኔ በለዋ!" አለች ሬዲዮ።

"አይጮህም አልኩ እኮ።"

"ዘይት አልባ የሚለው ምንድን ነው?" አለ ባለቤቱ፤ እጁ ላይ የፋብሪካውን ብስኩት ይዞ።

"በባለ ዘይቱ ስክሩ ጥቂት ዘይት ከአየሩ ጋር ትወጣለች" አለ ሻጩ። "ማጣሪያ እናስርለታለን።"

"ማጣሪያው ያረጀ ቀን ብስኩቱ ጋራዥ ጋራዥ ይላል" አለ አጎቴ። "አየሩ እኮ በቀጥታ ብስኩቱን ነው የሚነካው። ይህ አሮጌው ራሱ ሰሞኑን..."

ባለቤቱ ብስኩቱን ቀስ ብሎ ሳህኑ ላይ መለሰ። ዘይት አልባው በዚያው ተመረጠ።

ክርክሩ የመጣው መጠኑ ላይ ነው። ሻጩ ትልቁን ውሰዱ አለ፤ ነገ ታድጋላችሁ፣ ይጠብባችኋል እያለ። አጎቴ ሳቀ። "ሸሚዝ የሚገዛ ሰው አንገቱን ይለካል እንጂ ወደፊት እወፍራለሁ ብሎ ድንኳን አይለብስም። ይለካ!" ሻጩ እሺ አለ። ዋናው ቧንቧ ላይ መለኪያ ይታሰርና ፋብሪካው አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ስንት አየር እንደሚበላ ይታያል፤ ኮምፕሬሰሩም በዚያ ልክ ይታዘዛል።

ወሬው ግቢውን ሞላው። የተረዱት ግን ሌላ ነገር ነው። መለኪያው የተደበቀውን ጎማ ሁሉ የሚያሳብቅ መሰላቸውና፣ ጋሽ ንፋስ ላይ ጉድ እንዳናፈላ ተባባሉ። በመለኪያው ቀን ዘበኛው ጎማውን እንደ ከረጢት አፍ ቋጠረው። ሒሳብ ሹሙ ወንበር ላይ ቆሞ ቀዳዳውን በማስቲካ ደፈነ፤ መላጣው ቀኑን ሙሉ ሰነዱ ላይ ዘነበ። ሴቶቹ ሻይ በአፋቸው እያበረዱ ጠጡ። ባለቤቱ እንኳ የሚለኩት ሰዎች ሲገቡ ሲወጡ እንዳይቸገሩ ብሎ በሩን በወንበር ደግፎ ክፍት አዋለው። ሰው ቤት የተጋበዘ ሰው ሆዱ እየጮኸ "በልቼ ነው የመጣሁት" እንደሚለው፣ ፋብሪካው ያን ቀን በይሉኝታ ሲግደረደር ዋለ።

አጎቴ አይቶ እንዳላየ ሆነ ብዬ ባወራ ሐሰት ይሆናል። አላየም። ለሰው የሰጠውን ነገር ከጉዳይ የማይቆጥር ሰው ነበር፤ ያቺ ንፋስ፣ ያቺ ጎማ ከፍጆታ ትገባለች ብሎ ሐሳቡም አልመጣ። ቁጥሩ ትንሽ ሆኖ ሲወጣ ኮራ። "አላልኳችሁም? ቁጥብ ፋብሪካ ነው!" አለ። ሻጩ አሁንም ትልቁ ይሻላል ሲል አጎቴ ብዕሩን ነጠቀውና ለትንሹ በራሱ ስም ፈረመ።

አዲሱ መጣ። ቁም ሳጥን ይመስላል፤ ድምፁ ከማቀዝቀዣ አይበልጥም። ጸጥታው ሲወርድ ሰዉ ግራ ገባው። መጮህ ስለለመዱ "ጨው አቀብዪኝ" የሚለው ቃል እንኳ ግቢውን አቋርጦ ይሰማ ነበር። ሬዲዮ ደግሞ ስለ ባለቤቱ ሚስት የምታወራው ነገር ባለቤቱ ቢሮ ድረስ ገብቶ ስለተሰማ ለጥቂት ጊዜ ሞገዷን ቀየረች፤ ስለ ጎረቤቷ ማውራት ጀመረች።

ሰዉም እፎይ አለ። መለኪያው ተነሥቷል፣ ጋሽ ንፋስ ከጉድ ወጥቷል፤ ከዚህ በኋላ ምን ቀረ? ዘበኛው ቋጠሮውን ፈታ። ሒሳብ ሹሙ ማስቲካውን በወረቀት መክፈቻ ፈልቅቆ ጣለ። ሻርፖቹ ተሰቀሉ። በሩ ፍሽሽ፣ ፍሽሽ ማለቱን ቀጠለ። የአየሩን ግፊት የሚያሳየው የጌጁ መርፌም በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ወረደ። ማሸጊያ ማሽኖቹ አየር ሲያጥራቸው በደንብ አልነክስ አሉ፤ ብስኩቱ አፉን የከፈተ እሽግ እየሆነ ይወጣ ጀመር።

"ይኸው!" አለች ሬዲዮ፣ አንድ እቅፍ እሽግ የአጎቴ ወንበር ላይ ዘርግፋ። "እንዳንተ አፋቸውን ከፍተው የሚተኙ ብስኩቶች!"

ሻጩ ተጠርቶ መጣ። ነግሬያችሁ ነበር አላለም፤ ፊቱ ግን አለ። ትንሹን መልሰን ትልቁን እንተክላለን፣ ትልቁ ግን ከድርጅታችን ባለሙያ ጋር ነው የሚመጣው፣ ውሉ እንደዚያ ነው አለ። ባለቤቱ አጎቴን አየውና ድምፁን አለሰለሰ፤ ሰው ክፉ ነገር ሊናገር ሲል እንደሚያለሰልሰው።

"ጋሽ ንፋስ፣ የፈረምከው አንተ ነህ። ትልቁ ከመጣ ባለሙያው አብሮ ይመጣል። አንተም ብዙ ደክመሃል፤ ያኔ ቤትህ ገብተህ ታርፋለህ።"

ሌላ ሰው ቢሆን እልል ይል ነበር። አጎቴ ግን "ቤትህ" የምትለዋን ቃል ፈራት። "አንድ ዕድል ይስጡኝ" አለ። "አየሩ ወዴት እንደሚሄድ ልፈልግ።" ባለቤቱ ፈቀደ። ፈተናው ቀላል ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ ማሽኑ ሁሉ ይቁም፣ ጋኑ ሞልቶ ኮምፕሬሰሩ ይጥፋ። ሠራተኛው ከምሳ እስኪመለስ መርፌው ካልወረደ ትንሹ ይበቃናል፣ ጋሽ ንፋስም ይቀራል። ከወረደ ግን ትልቁ ይመጣል።

በማግስቱ አጎቴ ባልዲ ሙሉ የሳሙና አረፋና የቀለም ብሩሽ ይዞ ወጣ። ቧንቧ ላይ አረፋ ሲቀባ፣ አየር የሚያመልጥበት ቦታ ላይ አረፋው እንደ እንቁራሪት ጉንጭ ይነፋል። መጀመሪያ ዘበኛው ጋ ሄደ። አረፋው ተነፋ። አጎቴ ጎማውን አየ፣ ዘበኛውን አየ፣ አንገቱን አከከ።

"ይህቺ እንኳ ትንሽ ናት" አለ። "ትቆይ።"

"ምን ትቆያለች!" የሚል ድምፅ ከኋላው መጣ። ሬዲዮ ናት፤ ፒንሳና ሽቦ ይዛ። "አፉን የከፈተው ብስኩት የሚቆጠረው በእኔ ነው። ወዲያ በል!" ጎማውን አጥፋ በሽቦ አሰረችው።

"ኧረ ሰውየው በሙቀት ያልቃል" አለ አጎቴ።

"እኔስ ግድ የለኝም ጋሽዬ" አለ ዘበኛው። "ሙቀቱ ድሮም የኔው ነበር። የሰፈሩ ሰው ነው የሚያለቅሰው፤ ነገ ኳሳቸውን በምን ይነፋሉ?"

"በአፋቸው!" አለች ሬዲዮ።

እንዲህ ሆነው ግቢውን ዞሩ። እሱ ያገኛል፣ እሷ ትዘጋለች። እሱ ይቅርታ ይጠይቃል፣ እሷ ፒንሳውን ታጠብቃለች። ሒሳብ ሹሙ ቀዳዳውን ሲደፍኑበት ቀና ብሎ አይቶ፣ ዘመድ እንደሚሸኝ ሰው እጁን አነሣ። ሴቶቹ ጎማቸውን ሲነጠቁ "ካንቺስ አልጠበቅንም እትዬ!" ብለው አጉረመረሙ። ሁሉም ከተዘጋ በኋላ የባለቤቱ በር ብቻ ቀረ። አጎቴ በሩ ፊት ደርሶ ሰላምታ ሰጥቶ ሊመለስ ነበር።

"ጋሼ" አለች ሬዲዮ፣ "በርዎ አየራችንን እየበላ ነው።"

"ይሄ በር?" አለ ባለቤቱ። "ይሄማ እንግዳ መቀበያ ነው።"

"እጀታ አለው እኮ። አገር ሁሉ በእጀታ ነው የሚከፍተው፤ አንድም እንግዳ አልቀረብንም።"

ባለቤቱ እጀታውን በንቀት አየ። ከዚያ ከጠረጴዛው ስር ረገጠ፤ በሩ ፍሽሽ ብሎ ተከፈተ። "እንግዲህ ለመጨረሻ ጊዜ" አለ። መልሶ ረገጠ፤ ተዘጋ። "ይሄ ነው የመጨረሻው" አለና ደግሞ ረገጠ። ሬዲዮ ፒንሳዋን ይዛ ጠረጴዛው ስር ባትገባ ኖሮ እስካሁንም እየረገጠ በሆነ።

ምሳ ሰዓት ደረሰ። ማሽኑ ሁሉ ቆመ፤ ኮምፕሬሰሩ ጠፋ። ሠራተኛው ምሳ ዕቃውን እንደያዘ የቆርቆሮዋን ክፍል ሞልቶ መርፌውን ያይ ጀመር። ባለቤቱም መጣ። ማንም አይጎርስም። መርፌው ቆመ፤ ቆመ፤ ከዚያ ዝቅ አለ።

"ወረደ!" አለ አንዱ።

"ሒሳብ ሹሙን ፈትሹት! መላጣው ደርቋል!"

"ፎጣ ይዤ ነው የመጣሁት!" አለ ሒሳብ ሹሙ ፎጣውን እያውለበለበ። "ዘበኛውን እዩት!"

ዘበኛው ሮጦ ሄዶ ጎማውን ከሥሩ ቆርጦ እንደ ሞተ እባብ አንጠልጥሎት መጣ። ጭቅጭቁ ደመቀ፣ መርፌው ወረደ። አጎቴ ብቻውን ግድግዳውን ተደግፎ መርፌውን ያያል።

በዚህ መሐል ሬዲዮ ዝም አለች። ያን ያህል ዘመን አብረዋት የሠሩ ሰዎች ታማ እንደሆነ ጠየቋት። በእጇ ዝም በሉ አለችና አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ከዚያ ባልዲውን አንሥታ ብቻዋን ከጋኑ ኋላ ገባች። አጎቴ ተከተላት። ከወንበሯ አጠገብ፣ ከጋኑ ሥር አንዲት ትንሽ መክፈቻ አለች። አረፋ ቀባቻት። አረፋው ተነፋ፣ ተነፋ፣ ብርቱካን አከለና ፈነዳ።

"ይሄስ?" አለች፤ በሹክሹክታ። ሹክሹክታ መቻሏም ያን ቀን ነው የታወቀው።

"ይሄማ... ጋኑ ውስጥ የሚጠራቀም ውሃ ማስወጫ ነው" አለ አጎቴ።

"ውሃው የታለ?"

አጎቴ ወንበሯ ላይ ተቀመጠ። "ሟቿ ሚስቴ ፍንጭት ነበረች" አለ ቀስ ብሎ። "ስትተኛ በፍንጭቷ በኩል ቀጭን ፉጨት ትለቅ ነበር። በሕይወት እያለች በዚያ ስንጣላ ኖርን፤ እንቅልፍ ነሳሽኝ እያልኩ ትራስ ይዤ ሳሎን እሄድ ነበር። ከሄደች በኋላ ግን ያለዚያ ድምፅ ዓይኔ አልከደን አለ። አንድ ቀን አሮጌው ጋን ላይ ይህቺን መክፈቻ በጣም ጥቂት ሳላላት..." ጣቱን በጥቂቱ አሳያት። "ራሷ። አዲሱ ሲመጣም መጀመሪያ ያስተካከልኩት እሷን ነው። የሰጠሁትን ሁሉ አስታወስኩ፤ ይህቺን ግን አየር ናት ብዬ አላሰብኩም።"

ከወዲያ "አሁንም እየወረደ ነው!" ተባለ። ሬዲዮ ፒንሳዋን አየች፤ አጎቴን አየች። ከዚያ ፒንሳዋን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያገኘችውን ሁሉ ስትዘጋ የዋለች ሴት ያቺን አንዷን ለመዝጋት እጇ አልታዘዘም። አጎቴ ጎንበስ ብሎ በገዛ እጁ ጠመዘዛት። ፉጨቷ ቀጠነች፣ ቀጠነችና ጠፋች።

"ቆመ!" ብሎ ቤቱ ደመቀ። ሠራተኛው ምሳውን ቆሞ በላ፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ትንሹ ይበቃል ተባለ፣ ሻጩ ተሰናበተ፣ አጎቴ ቀረ። የመጨረሻውን አየር ሲሰርቅ የነበረው ማን እንደሆነ ሬዲዮ ተጠይቃ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ሁሉም ሒሳብ ሹሙ ነው ብሎ አመነ፤ ምስኪኑም እየማለ ጡረታ ወጣ።

አጎቴ ግን ከዚያ በኋላ ምሳ ሰዓት ላይ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ቆርቆሮ ያይ ጀመር። ቤቱም አይተኛ፣ እዚያም አይተኛ። ዓይኑ ቀላ፣ ሱሪው ሰፋው። የዳነለት ወንበር መቀመጫ ብቻ ሆኖበት ቀረ።

አንድ ቀን ሬዲዮ ምሳ ዕቃዋን ይዛ ከጋኑ ኋላ መጣች፤ ባዶ የብስኩት ካርቶን ገልብጣ ተቀመጠችና ወሬዋን ጀመረች። ተከራይዋ ድመት ይዞ መግባቱን፣ ድመቷም የእሱ ሳትሆን የቀድሞ ተከራይዋ መሆኗን፣ ቀድሞ የነበረው ተከራይ ደግሞ ያገባት ልጅ የማን እኅት እንደሆነች... አጎቴ የቀድሞው ተከራይ ጋ ስትደርስ አገጩ ደረቱ ላይ ወደቀ።

"አንተ! ሰው እያናገረህ?" ብላ ጉልበቱን በማንኪያ መታችው።

አጎቴ አንድ ዓይኑን ገለጠ። "ቀጥዪ" አለ። "በፈጠረሽ ቀጥዪ።"

በሕይወቷ ሙሉ ሰው ሁሉ "እባክሽ በቃሽ" ያላት ሴት ናት። ቀጥዪ ብሎ የለመናት የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር። ቀጠለች። በማግስቱም መጣች፤ ከዚያም ምሳ ሰዓቱ አልበቃ ብሏቸው ተጋቡ።

አሁን ሁለቱም ጡረታ ወጥተዋል። ትንሹ ኮምፕሬሰር ዛሬም እየሠራ ነው ይላሉ። ባለፈው ልጠይቃቸው ሄጄ አጎቴ ሳሎን ወንበሩ ላይ ተኝቶ አገኘሁት፤ አክስቴ አጠገቡ ተቀምጣ ስለ ጎረቤቷ አጥር ታወራለች። እኔን ስታይ ዝም ብላ ልትስመኝ ተነሣች።

አጎቴ ባንኖ ዓይኑን አፈጠጠ።

"ምነው" አለ፣ "ማን ዘጋው?"